የሚዘገይ ሕመምና የሚቸኩል ሥርዓት

ጉንፋን በቀናት ይቆጠራል፤ ስብራት በሳምንታት። የትከሻ መድረቅ ግን የሚቆጠረው በወራትና በዓመታት ነው። ሰው አይገድልም፤ በራጅ አይታይም፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው እብጠትም ቁስልም የለውም። ሆኖም ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ ፀጉር ማበጠርን ይከለክላል፤ ነጠላ ማጣፋትን የሰው እርዳታ የሚጠይቅ ሥራ ያደርገዋል። በጉልበቱ ለሚያድር ሰው ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይከፋል፤ ክንዱ ካልተነሣ የቤት ኪራዩ አይከፈልም።

የሕክምናው ዓለም ስለዚህ ሕመም ማሰብ ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዱፕሌ በ1872 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሕመሙን ገለጸው። አሜሪካዊው ኧርነስት ኮድማን በ1934 ዛሬ በእንግሊዝኛ የሚጠራበትን «የቀዘቀዘ ትከሻ» የሚል ስም አወጣለት፤ ለመግለጽም፣ ለማከምም፣ ለማስረዳትም አስቸጋሪ መሆኑን ያኔውኑ አስታውቆ ነበር። በ1945 ደግሞ ኔቪያሰር የተባለ ሐኪም የችግሩ መቀመጫ የትከሻውን መገጣጠሚያ የሚሸፍነው ከረጢት መሆኑን አሳየ። ከረጢቱ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ በመጨረሻም ይኮማተራል። ጃፓኖችና ቻይናውያን ስለ ቅዝቃዜ ሳያነሡ «የሃምሳ ዓመት ትከሻ» ይሉታል። ስማቸው የሚይዘውን ሰው ይጠቁማል፤ ሕመሙ በብዛት የሚታየው ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉት ሰዎች፣ ከወንዶች ይልቅም በሴቶች ላይ ነውና። ከጠቅላላው ሕዝብ ከ100 ሰው ከ2 እስከ 5 የሚሆነውን እንደሚያገኘው ይገመታል።

የስያሜው ጉዳይ የቋንቋ ሊቃውንት ክርክር ብቻ ይመስላል። አንድ ስም በአማርኛ ሲተረጎም በአንድ ሕመምተኛ ላይ ምን እንዳደረገ ለተመለከተ ግን የጤናም የፖሊሲም ጉዳይ ነው።

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ የሆኑ አንዲት የ52 ዓመት ወይዘሮ በቤት ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ይተዳደራሉ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ስምንት ዓመት አልፏቸዋል። ጠዋት አንዲት አሮጊት ከአልጋ አንሥተው ያጥባሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ድርጅት ወደመደባቸው ወደ ሌላ ቤት ይሄዳሉ። በአንድ የጥቅምት ወር ማለቂያ ላይ ቀኝ ትከሻቸውን ሹል ነገር የወጋቸው ያህል ተሰማቸው። በመጥፎ አኳኋን የተኙ መሰላቸው። በኅዳር ሕመሙ ሌሊት ሌሊት ይበረታ ጀመር፤ በገና ሰሞን እጃቸውን ወደ ኋላ ማዞር ተሳናቸው።

ለቀጣሪዎቻቸው አልተናገሩም። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፦ ማንሣት የማይችል ተንከባካቢ ሰዓት ይቀነስበታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ተረቱ ግን የገለጠ ሰው የሥራ ሰዓቱን ሊያጣ እንደሚችል አይናገርም። አዲስ አበባ ያሉት ታላቅ እህታቸው በስልክ «ብርድ ነው የገባሽ፤ ወጌሻ ፈልጊ» አሏቸው። በአገር ቤት በወጌሻነት የሚታወቁ፣ እዚያው አካባቢ የሚኖሩ አንድ ደግ አዛውንት ትከሻውን አሽተው ክንዱን በኀይል ወደ ላይ ሳቡት። ወይዘሮዋ ከዚያ በኋላ ዐሥር ሌሊት ያህል አልተኙም።

ሐኪም ዘንድ የደረሱት በየካቲት ነው። በስልክ የቀረበው አስተርጓሚ ሐኪሙ ያለውን ቃል በቃል መለሰው፦ «ትከሻዎ ቀዝቅዟል።» እርሳቸውም ይህን የእህታቸው ቃል ማረጋገጫ አድርገው ተቀበሉት። ብርድ ከሆነ መድኃኒቱ ሙቀትና ዕረፍት ነው። ስለዚህ ሹራብ ደራርበው፣ ክንዳቸውን ከሥራ ሰዓት ውጭ በነጠላ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከረሙ። በእነዚያው ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ ፊዚዮቴራፒ ይሄዱ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ክንዱ እስኪያስለቅሳቸው ይዘረጋ ነበር። ሁለቱ ስሕተቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተፈራረቁ፦ አምስት ቀን ፍጹም አለመንቀሳቀስ፣ ሁለት ቀን ከአቅም በላይ መሳብ።

ይህ ለምን ስሕተት እንደሆነ ለመረዳት የሕመሙን ሦስት ደረጃዎች ማወቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ደረጃ ከረጢቱ ተቆጥቷል። ሕመሙ ብርቱ ነው፣ ሌሊት ይብሳል፣ እንቅስቃሴውም ከሳምንት ሳምንት ይጠባል፤ ይህ ከሁለት እስከ ዘጠኝ ወር ሊቆይ ይችላል። በሁለተኛው ደረጃ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ክንዱ ግን ተቆልፏል። ይህም ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት ይዘልቃል። በሦስተኛው ደረጃ ትከሻው ቀስ በቀስ ይላላል፤ እንቅስቃሴው እስኪመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ከሁለት ዓመት በላይ ይወስዳል። ደረጃዎቹ በቀን መቁጠሪያ ላይ እንደተሰመረ መስመር የተለያዩ አይደሉም፤ ይደራረባሉ። ሕክምናው ግን በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚሰጥ ይለያያል። በመጀመሪያው ደረጃ ዋናው ሥራ ሕመሙን ማብረድና ትከሻውን ሳያስቆጡ ማንቀሳቀስ ነው። ጠንከር ያለ መዘርጋት ተራው የሚደርሰው ሕመሙ ከረገበ በኋላ ነው።

በ2004 የታተመ አንድ የኔዘርላንድስ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ጥናቱ 77 ሕመምተኞችን ለሁለት ዓመት ተከታተለ። ገሚሶቹ ሕመምን አልፎ የሚሄድ ብርቱ ፊዚዮቴራፒ ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ ስለ ሕመሙ በሚገባ ተነግሯቸው፣ ሕመም እስከሚፈቅደው ድረስ ብቻ እንዲንቀሳቀሱ ተመከሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሁለተኛው ቡድን 89 በመቶው ጤናማ ወይም ለጤናማ የቀረበ ትከሻ ነበራቸው፤ ከመጀመሪያው ቡድን 63 በመቶው። ጥናቱ አነስተኛ ነው፤ የፊዚዮቴራፒን ዋጋም አያፈርስም። የሚያመለክተው ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የእናቶች አባባል ለተቆጣ ትከሻ እንደሚሠራ ነው።

ወይዘሮዋ በግንቦት ሌላ ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። በዚህ ጊዜ አስተርጓሚዋ በአካል የተገኘች፣ በዕድሜም የበሰለች ሴት ነበረች። ሐኪሟ ስለ ከረጢቱ መወፈርና መጥበብ ሲያስረዱ አስተርጓሚዋ ጥቂት አሰበችና «ትከሻዎ ውስጥ ያለው ሽፋን እንደ ደረቀ ስልቻ ሆኗል» አለቻቸው። ስልቻን ወይዘሮዋ ያውቁታል፤ እህል ሲጫንበት በልጅነታቸው አይተዋል። ሳይነካ ጥግ የተጣለ ስልቻ ይደርቃል፤ ደርቆ ሳለ በኀይል የሳቡት ስልቻም ይቀደዳል። በየዕለቱ በጥቂቱ የሚያሹት ግን ይለሰልሳል። አራት ወር ሙሉ በሹራብና በነጠላ ሲሸፍኑት የኖሩት ነገር ምን እንደነበረ በዚያች ዐረፍተ ነገር ገባቸው። «ታዲያ ብርድ አይደለማ» አሉ።

ምሳሌው ከሳይንሱ ጋር ይስማማል። ጤናማ የትከሻ ከረጢት ከ20 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ሊይዝ ይችላል፤ በተኮማተረ ትከሻ ውስጥ ግን መጠኑ ከ10 በታች ይወርዳል። ክንዱ በሕመምተኛው ጉልበትም ሆነ በሐኪሙ እጅ የማይዞረው ስለዚህ ነው። ሐኪሞች ከጅማት መበጠስ የሚለዩትም በዚሁ ነው፤ ጅማቱ የተበጠሰበት ሰው ክንዱን ራሱ ማንሣት ቢያቅተውም ሌላ ሰው ሊያነሣለት ይችላል። ክርኑን ከጎኑ ጋር አጣብቆ እጁን ወደ ውጭ ማዞር ያልቻለ፣ ራጁም ደኅና የሆነ ሰው ምርመራው በአብዛኛው ያው ይሆናል።

ሐኪሟ የስቴሮይድ መርፌ በመገጣጠሚያው ውስጥ ሰጧቸው። በ2020 የታተመ፣ 65 ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ ይህ መርፌ በተለይ ሕመሙ ገና ሳይከርም ሲሰጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሌሎቹ መንገዶች የተሻለ እፎይታ ያስገኛል። ለስኳር ሕመምተኛ ግን አንድ ጥንቃቄ አለው፦ መርፌው የደም ስኳርን ለቀናት ከፍ ያደርጋል። ወይዘሮዋ አስቀድሞ ስለተነገራቸው በቀን አራት ጊዜ እየለኩ መጠኑ እስኪመለስ ጠበቁ። በሁለተኛው ሳምንት ከሰባት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ተኙ።

ከዚያ በኋላ ያለው የቤት ሥራ ተራ ነበር፤ ተራነቱም ነው ሰው እንዲንቀው የሚያደርገው። ጎንበስ ብሎ ክንድን እንደ ሰዓት ፔንዱለም ማወዛወዝ፤ በጣቶች ግድግዳ ላይ ቀስ እያሉ መውጣት፤ ፎጣ ከጀርባ በኩል በሁለት እጅ ይዞ በደኅናው ክንድ የታመመውን በቀስታ መሳብ። ከእንቅስቃሴው በፊት ሙቅ ሻወር፤ በመኝታ ጊዜ ከክንዱ ሥር ትራስ። መለኪያውም ቀላል ነው፦ ከእንቅስቃሴው በኋላ ቶሎ የሚበርድ ሕመም ችግር የለውም፤ ሌሊቱን የሚያሳድር ከሆነ ግን በማግሥቱ መቀነስ ነው። የሕመም ማስታገሻ ክኒንም ቢሆን ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኩላሊት ወይም ጨጓራ ላለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ለወራት የሚዋጥ አይደለም።

እስከዚህ ያለው የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ከትከሻቸው ጋር የተጋጨው ሥርዓት ግን የብዙዎች ነው።

የመጀመሪያው ግጭት ከኢንሹራንስ ጋር ነበር። ኢንሹራንሳቸው በዓመት የሚሸፍነው የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ 20 ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ገደብ በአሜሪካ የግል ኢንሹራንሶች ዘንድ የተለመደ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ እየሄዱ በዐሥር ሳምንት ጨረሱት፤ ሁሉም ትከሻው ተቆጥቶ መዘርጋት በማይገባበት ደረጃ ላይ ወጣ። በመከር፣ ሕመሙ ረግቦ ክንዱ ለመላላት ሲዘጋጅ፣ ባለሙያ ይበልጥ በሚጠቅምበት ጊዜ፣ አንድም የተሸፈነ ቀጠሮ አልቀራቸውም። ያው 20 ቀጠሮ በመጀመሪያዎቹ ወራት በወር አንዴ፣ ኋላ በሳምንት አንዴ ቢከፋፈል ለኢንሹራንሱ ተጨማሪ ወጪ ሳያመጣ ዓመቱን ይሸፍን ነበር። ችግሩ የገንዘብ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ቀጠሮው ለስብራት በሚሆን የጊዜ ልክ የተሰፋ ነበር።

ሁለተኛው ግጭት ከሥራ ሕግ ጋር ነው። በ1993 የወጣው የአሜሪካ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል፤ ለሕክምና አስፈላጊ ከሆነም በቁርጥራጭ፣ በሰዓታት ጭምር መውሰድ ይቻላል። ለዘገምተኛ ሕመም የተመቸ ድንጋጌ ነው። ሆኖም ሠራተኛው ቢያንስ 50 ሠራተኞች ባሉት በዚያው ቀጣሪ ዘንድ አንድ ዓመት የቆየና ባለፉት 12 ወራት 1,250 ሰዓት የሠራ መሆን አለበት። ወይዘሮዋ በሳምንት 40 ሰዓት ይሠራሉ፤ ነገር ግን 20ው ለአንዱ ድርጅት፣ 20ው ለሌላው ነው። በዓመት ለእያንዳንዱ 1,040 ሰዓት ይሆናል። ሙሉ ሰዓት ሠርተው በሁለቱም ዘንድ መብት የላቸውም። በ2018 ሥራ ላይ የዋለው የሜሪላንድ የሕመም ፈቃድ ሕግ ለ30 ሰዓት ሥራ አንድ ሰዓት ስለሚቆጥር ከየድርጅቱ በዓመት ወደ 35 ሰዓት ገደማ አስገኝቶላቸዋል፤ ለሐኪም ቀጠሮዎች በቃ። ሁለት ዓመት ለሚቆይ ሕመም ግን ስንቅ አይሆንም።

ያተረፋቸው ሌላ ሕግ ነው። በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ቀጣሪዎች ምክንያታዊ የሥራ ማስተካከያ እንዲያደርጉ ያዛል፤ ወራት የሚዘልቅ፣ ማንሣትን የሚከለክል የትከሻ ሕመምም በዚህ ሥር ሊገባ ይችላል። ልጃቸው በጻፈችላቸው ደብዳቤና በሐኪሟ ማስረጃ አንደኛው ድርጅት ከአልጋ መነሣት ከማያስፈልጋቸው፣ ምግብና መድኃኒት ማስታወስ ብቻ ከሚሹ አረጋውያን ጋር መደባቸው። ሰባት ወር የደበቁት ነገር ሲገለጥ የፈሩት ሙሉ በሙሉ አልደረሰባቸውም። ሁለተኛው ድርጅት ግን ሰዓታቸውን ቀነሰ። ፍርሃታቸው መሠረት እንደነበረው መካድ አይቻልም።

በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ወገኖች ሁኔታ ይለያያል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቤት ሠራተኞች በአብዛኛው ከአጠቃላዩ የሠራተኛ ሕግ ተነጥለው በልዩ ደንብ ይተዳደራሉ፤ ኩዌት በ2015፣ ኳታር በ2017 እንዲህ ያሉ ሕጎች አውጥተዋል። በአሠሪዋ ቤት የምታድር፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ከውሏ ጋር የተሳሰረ ሴት ምንጣፍ ማራገፍ እንዳቃታት ለመናገር የምትከፍለው ዋጋ ከሲልቨር ስፕሪንጓ ወይዘሮ ይልቅ ይከብዳል። በዋሽንግተንም በለንደንም ታክሲ የሚያሽከረክር ወንድም በብዙ ሁኔታ የግል ሥራ እንዳለው ስለሚቆጠር ለደረቀ ትከሻው ፈቃድ የሚጠይቀው አካል ላይኖረው ይችላል።

ይህ ሕመም በዲያስፖራው ዘንድ የተለየ ትኩረት የሚሻበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም ስኳር ነው። የስኳር ሕመምተኞች በደረቀ ትከሻ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ወደ አምስት እጥፍ ይገመታል፤ ሲይዛቸውም ይበረታባቸዋል። የታይሮይድ ዕጢ መዛባትም ተጋላጭነትን ይጨምራል። ወደ እስራኤል በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሲመጡ እጅግ አነስተኛ የነበረው የስኳር በሽታ በአዲሱ አገር ኑሮ በብዙ ጨምሯል፤ ሰውነታቸው ያልወፈረ ሰዎችን ጭምር ይዟል። ስለዚህ የትከሻ መድረቅ አንዳንዴ ያልታወቀ ስኳር አመላካች ሊሆን ይችላል። ክንዱ የተቆለፈበት፣ ስኳሩን ተለክቶ የማያውቅ የሃምሳ ዓመት ሰው ከቅባትና ከመታሸት በፊት የደም ምርመራ ይገባዋል።

ለዚህ ሕመም ውድ መፍትሔ የግድ አስፈላጊ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በ2020 ውጤቱ የታተመው የብሪታንያ ጥናት በ35 ሆስፒታሎች 503 ሕመምተኞችን በሦስት መደበ፦ ፊዚዮቴራፒ ከስቴሮይድ መርፌ ጋር፣ በማደንዘዣ ተኝተው ትከሻው እንዲላቀቅ ማድረግ፣ እና በቀዶ ሕክምና ከረጢቱን መቁረጥ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሕመምተኞቹ ሕይወት ላይ ጉልህ ሊባል የሚችል ልዩነት አልታየም፤ ቀዶ ሕክምናው ግን ከሌሎቹ ይበልጥ አደጋ ነበረበት። ለአብዛኛው ሰው ቀላሉን በጊዜው መጀመርና መታገሥ ያዋጣል። «ራሱ ይለቃል» ብሎ መተውም እንዲሁ ሙሉ እውነት አይደለም፤ ሕመምተኞችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች በርካታዎቹ ቀለል ያለ ሕመም ወይም መገተር እንደቀረባቸው አሳይተዋል። የትከሻ ሕመም ሁሉም ይህ እንዳልሆነም መዘንጋት አያሻም። ትኩሳት፣ መቅላትና መጋል፣ ከመውደቅ በኋላ የመጣ ሕመም፣ ድንገተኛ የክንድ መስነፍ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ ያደርሳል፤ ከደረት መጨነቅና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የመጣ የትከሻ ሕመም ደግሞ አምቡላንስ ያስጠራል።

ወይዘሮዋ ከሁለት ዓመት በኋላ ፀጉራቸውን በሁለት እጃቸው ይሠራሉ፤ በዘመድ ሠርግም እስክስታ ወርደዋል፤ ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ጥቂት ቢዘገይም። የቀሚሳቸውን የኋላ ዚፕ ግን እስካሁን ልጃቸው ናት የምትዘጋላቸው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ በማኅበረሰቡ እጅ ያለ፣ የማንንም ምክር ቤት ድምፅ የማይጠብቅ ሥራ አለ። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። መብቱ አስተርጓሚ ያስገኛል፤ ትክክለኛውን ቃል ግን ራሱ አያስገኝም። «ቀዝቅዟል» የሚለው ትርጉም አንዲትን ሴት ሹራብ ሲያስደርባት ከርሟል፤ «እንደ ስልቻ ደርቋል» የሚለው በአንድ ቀን አቃናት። የአማርኛ አስተርጓሚዎች፣ ነርሶችና ሐኪሞች ተቀምጠው ለእንዲህ ያሉ ሕመሞች ቃል ቢያወጡና ሁለት ገጽ መምሪያ ቢያዘጋጁ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በእድር ሊሰራጭ ይችላል። የሕግ ባለሙያዎች የሰዓት አቆጣጠሩን፣ የጤና ባለሙያዎች ሦስቱን ደረጃዎች ቢያክሉበት ሙሉ ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ በሚቀጥለው ማኅበር ላይ ነጠላዋን ለማጣፋት የተቸገረች ሴት ስትታይ «ብርድ ነው» ከማለት በፊት የሚቀርቡላት ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው? ስኳርሽን ተለክተሻል? ለየትኛው ቀጣሪ ስንት ሰዓት ሠርተሻል?